መድኃኒቱ የሸፈነው

«ቆዳው ደርሷል እኮ ነው የምልዎት ጋሼ። ነገ ጠዋት ለልጅዎ ይለጠፍላታል። በሉ አሁን ትንሽ ጋደም ይበሉ፤ እርስዎም ሰው ነዎት» አለች የሚጣ ታላቅ እህት፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋ ዳቦ እየቆረሰች። ሚጣ የሻይ ብርጭቆዋን ከንፈሯ ጋ እንዳደረሰች ቀረች። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ድምፁ ጎላ ያለ ስለነበር የሚለው ቃል በቃል ባይለይም ዜማው እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ዕድሜ ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ የሚል የአባት ዜማ። እህቷ «አሜን፣ አሜን» እያለች ዘጋችው። ከዚያ የያዘችውን ዳቦ ለሁለት ከፈለችና ተለቅ ያለውን ወደ ሚጣ ገፋ አደረገችው። ቀና ብላ ግን አላየቻትም። በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ የጎረቤት ራዲዮና ጠብ ጠብ የሚለው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ያወሩ ነበር። ቆዳው እንዳልደረሰ ሁለቱም ያውቃሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሚጣ ላብራቶሪ ውስጥ ቆዳው ከሚያድግባቸው ጠርሙሶች በአንዱ፣ በሴሎቹ መሀል፣ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር በማይክሮስኮፕ አይታ ደንግጣ ስትነግራት እህቷ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ «መድኃኒቱን ጨምሪበት» ነበር ያለቻት።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ፊደል ትቆጥር ነበርና እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት ይህችው ታላቋ ናት። ታላቋን ሊያገባ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር ይባላል፤ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ሌላ አገባ። በዚያ ቤት ስሙ አይነሳም። አሁን ታላቋ በሆስፒታሉ ጓሮ ያለችው የቆዳ ማሳደጊያ ላብራቶሪ ኃላፊ ናት፤ ሚጣ ደግሞ እሷ ሥር የምትሠራ ባለሙያ። ቤት ውስጥ «እትዬ» እና «አንቺ»፣ ሥራ ቦታ «ዶክተር» እና «እርስዎ» ነው። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ምላሷ አዳልጧት «እትዬ እንዳለችው» ብላ ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈርስ እህቷ ብቻ አልሳቀችም።

ታክሲ ውስጥ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከፊታቸው ያሉት ሁለት ሴቶች የሽንኩርትን ነገር ያነሱና ይጥሉ ነበር፤ አንደኛዋ «አሁንስ ሽንኩርቱን ስከትፈው አይደለም፣ ስገዛው ነው እንባዬ የሚመጣው» ስትል ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እህቷ አልሰማችም፤ መስኮቱን ጎትታ ዘጋችና «ብርድ ይመታሻል» አለች። ሚጣ ይህች ሴት ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ ብላ አሰበች። በክፉ ሰው ላይ አፍ ማውጣት ቀላል ነው። እንቅልፏን አጥታ ባሳደገችሽ፣ የበሽታሽን ሁሉ ስም በቃሏ በምታውቅ ሴት ላይ ግን ቃል ከየትኛው ጉሮሮ ይወጣል?

ላብራቶሪው ከመቋቋሙ በፊት ክፍሉ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነበር። ግድግዳው ቢቀባም ክረምት በመጣ ቁጥር ጥጉ ይረጥባል፤ አየሩን የሚያጣራው ዕቃ ካረጀ ቆይቷል፤ ይገዛል፣ ይገዛል ይባላል። የሚሠራው ሥራ ግን ሲሰሙት ተረት ይመስላል። ከተቃጠለ ሰው ላይ ቴምብር የምታክል ጤነኛ ቆዳ ትወሰዳለች፤ ሴሎቿ ተለያይተው ሮዝ ቀለም ባለው ፈሳሽ ምግብ ውስጥ፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ማሞቂያ ሳጥን ይቀመጣሉ፤ እየተባዙ፣ እየተጠጋጉ ሄደው ከሳምንታት በኋላ እንደ እርጥብ ወረቀት የሳሳ ቆዳ ይሆናሉ። አሁን በሳጥኑ ውስጥ የሚያድገው የአንዲት ልብስ ሰፊ ወጣት ቆዳ ነበር። በምትሠራበት ቤት የምድጃ ጋዝ ፈንድቶ ከአንገቷ በታች ገላዋን ከሞላ ጎደል ጨርሷታል። ሚጣ አይታት አታውቅም። የምታውቃት በሴሎቿ ነው፤ ሲያዩዋቸው ተጠጋግተው እንደተነጠፉ የመንገድ ድንጋዮች ናቸው፣ ፈጣኖች፣ ለመኖር የሚጣደፉ። አንዳንድ ጠዋት ጠርሙሱን አንስታ «እንዴት አደርሽ?» ትላት ነበር፤ ማንም አይሰማትም።

ሥራው አንድ ጠላት አለው፤ ሻጋታ። አንዲት ዘር ከአየር ላይ ገብታ ከወደቀች የሳምንታት ድካም በአንድ ሌሊት ክር ይሆናል። ለዚህ የሚጨመር ቢጫ የፀረ ፈንገስ መድኃኒት አለ። ቆዳው ከሰው ገላ ተነስቶ ሲመጣ ጉዱን ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይቆማል። ሲበዛ ሴሎቹንም ይጎዳል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ መሸፈኑ ነው። ሚጣ ሥራ የጀመረች ሰሞን እህቷ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ «ይህ መድኃኒት ሻጋታውን ሁልጊዜ አይገድለውም፤ ያስተኛዋል። ተኝቶ ሳለ ንጹሕ ይመስልሻል። ስለዚህ አትደገፊበት፤ ጠርሙስ ከተበከለ ድፊው» ብላት ነበር። በዚህ ክረምት ግን ያቺው እህቷ መድኃኒቱ በሁሉም ጠርሙስ ውስጥ ሳይቋረጥ እንዲጨመር አዘዘች። ሚጣ እንደታዘዘችው አደረገች። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብቻ ለብቻዋ አውጥታ፣ መድኃኒቱን ደጋግማ አጥባ፣ ያለ መድኃኒት ከሳጥኑ የታችኛው መደርደሪያ ጥግ አስቀመጠቻት። ለማንም አልተናገረችም።

ነጭ ካባዋን ደርባ፣ ጓንቷን አጥልቃ መጀመሪያ ያነሳችው ያቺን ጠርሙስ ነበር። ማይክሮስኮፕ ሥር ከማድረጓ በፊት በዓይኗ አይታዋለች፤ ሮዙ ፈሳሽ መሀል እዚህ ግባ የማትባል፣ እንደ ጥጥ ያበጠች ነጭ ነገር ተንሳፍፋለች። በማይክሮስኮፑ አየችው። ክሩ እየተመዘዘ፣ እየተንቀረፈፈ፣ ቅርንጫፍ እያወጣ ሴሎቹን ሰንጥቋቸው አልፏል። ሌሎቹን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ንጹሕ ይመስላሉ፤ ትናንት ክር ያየችበት እንኳ ፈሳሹ ተቀይሮ መድኃኒት ከተጨመረበት ወዲህ ንጹሕ መስሏል። ንጹሕ መምሰላቸው ከሁሉ በላይ አስፈራት።

«ዶክተር፣ ይህንን አንዴ ይዩልኝ።»

እህቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከልጅቷ ሴሎች ነው። መድኃኒቱን አጥቤ ለብቻ ያስቀመጥኩት።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«ሌሎቹን ስገባ አይቻቸዋለሁ። ደህና ናቸው።»

«ደህና አይደሉም፤ ተኝቶባቸው ነው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

እህቷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስትናደድ ዝቅ ይላል። ነገ የሆስፒታሉ ቦርድ ሰዎች ላብራቶሪውን ሊያዩ እንደሚመጡ፣ ባዶ ጠርሙስ ካዩ ይህን ክፍል መልሰው ልብስ ማጠቢያ እንደሚያደርጉት ተናገረች። «ከሷ በኋላ ለሚመጡት ማን ይድረስላቸው? ደግሞ እሷም ብትሆን ቁስሏ ክፍቱን በዋለ ቁጥር ወደ ሞት ነው የምትሄደው። እኔ የማደርገው ዕድል መስጠት ነው። ፈንገስ እንደሆነ በኔም ቆዳ፣ ባንቺም ቆዳ ላይ አለ።»

«እኛ የሚከላከልልን ገላ አለን። እሷ ምን ቀርቷት? ቁስሉ ላይ ሲለጠፍ መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ይነቃባታል እትዬ።»

«ዶክተር» አለች እህቷ።

ተነስታ ያቺን ትንሽ ጠርሙስ ወሰደች፤ በረኪና ጨመረችባትና መታጠቢያው ላይ ደፋቻት። ነጩ ጥጥ ከማጣሪያው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ቧንቧውን ስትከፍተው ሄደ። «ነገ ጠዋት የሚለጠፈውን አዘጋጂ» ብላ ወደ ቢሮዋ ገባች። በሩን በቀስታ ነበር የዘጋችው። ሚጣ በሩ ቢላተም ኖሮ ደስ ባላት ነበር።

በምሳ ሰዓት ምግብ አላሰኛትም። በጓሮው ዞራ፣ በተቃጠሉ ሕሙማን ክፍል በኩል ባለው ኮሪደር ስታልፍ «ልጄ፣ ነይማ እስቲ» የሚል ድምፅ አስቆማት። የልጅቷ አባት ነው፣ ጠዋት በስልክ እህቷን ሲመርቅ የነበረው፤ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው። ልጁ ከተኛች ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ ያን አግዳሚ ወንበር አልጋውም ቢሮውም አድርጎታል። ከፌስታል ውስጥ ቢጫ ቀሚስ አወጣ፤ እጆቹ ጨርቁን የያዙት ሊሰበር የሚችል ነገር እንደያዘ ሰው ነው።

«በራሷ በኩል የሚጠለቅ ያማታል ብዬ ፊት ለፊት የሚቆለፍ አስፈለግሁ። መቼም ቆዳው ሲለጠፍላት እንዲህ በአንሶላ ብቻ አትተኛም። እጅጌውን እዪልኝ፤ አያጠብቃትም?»

ሚጣ እጅጌውን ያዘች። ለስላሳ ነበር። እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች። «አያጠብቃትም» አለችው። ሰውየው ቀሚሱን መልሶ አጥፎ ፌስታሉ ውስጥ ሲያስገባ ፈገግ ብሎ ነበር። ያ ፈገግታ አንጀቷን በላው። ወደ ላብራቶሪው መመለስ ነበረባት፤ እግሯ ግን ደረጃውን ወጥቶ ልጅቷን የሚያክማት ቀዶ ሐኪም በር ላይ አደረሳት።

ቀዶ ሐኪሙ ሽበቱ ጣል ጣል ያለ፣ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን የሚያይ ሰው ነው። ቆሞ ዳቦ እየበላ ነበር። «ነገ የሚለጥፉት ቆዳ ውስጥ ፈንገስ አለ» አለችው፤ ዙሪያ ጥምጥም ከሄደች እንደማትጨርሰው ስለገባት በአንድ ትንፋሽ ተነፈሰችው። ማኘኩን አቆመ። እንዴት እንዳወቀች ጠየቃትና ነገረችው። መድኃኒቱ ከመቼ ጀምሮ እንደተጨመረ ጠየቃት፤ ያንንም ነገረችው።

«ዶክተር ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

ይህችን አንዲት ቃል ስትናገር በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ነገር እንዳልነበረ ሚጣ ኋላ ላይ አሰበች። ሐኪሙ ስልኩን አንስቶ ጠራት። እህቷ በሩን ከፍታ ገባች፤ ሚጣን ግድግዳው ሥር ቆማ አየቻት፤ ገባት። አልጮኸችም፣ አልካደችም። ሐኪሙ ሲጠይቃት የቦርዱን ነገር፣ የአየር ማጣሪያውን ነገር፣ ክፍት የዋለ ቁስል የሚያመጣውን ጣጣ አንድ በአንድ አስረዳች። ንግግሯ ፍርጥም ያለ ነበር፤ ሚጣ ራሷ ለጥቂት ጊዜ ተጠራጠረች፤ ምናልባት እኮ እውነቷን ይሆናል።

«የምትዪው ሁሉ ገብቶኛል» አላት ሐኪሙ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልጅሽ ብትሆን ትለጥፊዋለሽ?»

«ልጅ የለኝም።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ፤ ያልሆነ ነገር እንደጠየቀ ገብቶታል። በመስኮቱ በኩል የአምቡላንስ ጥሩምባ መጥቶ አለፈ። እህቷ እጆቿን ካባዋ ኪስ ውስጥ ከትታ ወለሉን ስታይ ቆየችና ቀና ብላ ሚጣን አየቻት። ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊት ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የእጅጌዋን፣ የአንገትጌዋን ነገር እንደምታስተካክል ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዓይኗ ውኃ አቀረረ፤ አልወረደም።

«አልለጥፍም» አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ለነገ የተያዘው ቀዶ ሕክምና ይሰረዛል። ቁስሉ ለጊዜው ከሟች በተለገሰ ቆዳ ይሸፈናል፤ ያም ገላዋ እስኪገፋው ድረስ ብቻ ነው። ዛሬውኑ ከልጅቷ ሌላ ትንሽ ቆዳ ተወስዶ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ያን ሁሉ ሳምንት ትችለው እንደሆነ ሚጣ ስትጠይቀው ሐኪሙ «እሱን እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ» አላት። እህቷ በሩን ከፍታ ወጣች። «ለአባቷ እኔ ነኝ የምነግረው» አለች፤ «ደረሰ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ሰውየው ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ። እህቷ ቆማ ነገረችው፤ ቆዳው እንደተበላሸ፣ መበላሸቱን ከትናንት ጀምሮ እንደምታውቅ፣ ጠዋት በስልክ የነገረችው እውነት እንዳልነበር። በሻጋታውም በክረምቱ ዝናብም አላሳበበችም። «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» አለች። ሰውየው መጀመሪያ የተረዳ አልመሰለም፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ይጮኻል ብላ ሚጣ ጠብቃ ነበር። ሰውየው ግን የሰለለ ድምፅ ነው ያወጣው።

«እህትማማቾች እንደሆናችሁ ነርሶቹ ነግረውኛል። እናንተ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ትኮራረፋላችሁ፤ ሲነጋ ትታረቃላችሁ። እኔ ይቺን በር ከፍቼ ምን ብዬ ልግባ?»

እህቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያረጀች መሰለች።

«እኔ ልግባ» አለች ሚጣ።

ነርሷ ንጹሕ ካባ፣ ቆብና ጓንት አለበሰቻት። ክፍሉ ይሞቃል፤ ሽታው ከመድኃኒትና ከሥጋ የተቀላቀለ ነው። ልጅቷ እንዳይነካት በሽቦ ከፍ ተደርጎ የተወጠረ አንሶላ ሥር ተኝታለች። ፊቷ አገጯ ላይ ካለው ጠባሳ በቀር ደህና ነው፤ ዓይኖቿ ትላልቅ፣ ንቁ። ያን ቀን ሥራ ላይ ሻሽ አስራ ስለነበር ፀጉሯ ተርፏል፤ የተጎነጎነው ትራሱ ላይ እስከ ትከሻዋ ይደርሳል።

«አዲስ ነሽ ሲስተር?»

«ነርስ አይደለሁም። ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ቆዳሽን…»

«አንቺ ነሽ የምታሳድጊው!» ፊቷ በራ። «አባዬ ነግሮኛል። ምን ይመስላል?»

ሚጣ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም ነበር። እንደተነጠፈ ድንጋይ ነው፣ ይጣደፋል፣ እንዴት አደርሽ እለው ነበር ብትላት ምን ይጠቅማታል? ወንበሩን ስባ ተጠጋቻት።

«ጥሩ ነበር» አለቻት። «ጎበዝ ነበር። ግን ተበላሽቷል። ሻጋታ ገባበት። ነገ አይለጠፍም።»

ልጅቷ ጣሪያውን አየች። አጠገቧ ያለው መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ይላል። ሚጣ ለቅሶውን፣ ስድቡን፣ ማንኛውንም ነገር ለመቀበል ተዘጋጅታ ጠበቀች። ልጅቷ ግን እንደ ሠራተኛ ነው የጠየቀችው፤ ጨርቅ እንዳነሰው ልብስ ሰፊ።

«ሌላ ትቆርጣላችሁ ማለት ነው። ከየት? ተርፎኛል እንዴ?»

«ከጭንቅላትሽ። ከጆሮሽ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ።»

«ፀጉሬ?»

«እሱ ይላጫል።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ያን ሁሉ ቁስል ሲያጥቧት ጥርሷን ነክሳ የምትችል ናት ብለው ነርሶቹ የሚመሰክሩላት ልጅ፣ አፏ እንደ ሕፃን ተጣመመና እንባዋ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮዋ ወረደ። እጇን ማንሳት አትችልም። ሚጣ በፋሻ ጠረገችላት፤ ወዲያው ደግሞ ይሞላል። አይዞሽ ማለት አማራት፤ አላለችም። ጠዋት ለአባቷ የተነገረው ባዶ ማጽናኛ ይበቃ ነበር።

በበሩ መስታወት በኩል አባትየው ግንባሩን አስደግፎ ቆሟል። ከኋላው ትንሽ ራቅ ብላ እህቷ አለች፤ ወደ ላብራቶሪው ሄዳ ጠርሙሶቹን መድፋት፣ ሳጥኑን በበረኪና ማጠብ ይኖርባታል፤ ግን አልሄደችም። ነርሷ ምላጭና መቀስ በሳህን ይዛ ገባችና ልጅቷን ስታያት ቆም አለች።

«በመቀስ እንዳትቆርጡት» አለች ልጅቷ በሳግ መሀል። «መጀመሪያ ፍቺልኝ። እንደተጎነጎነ አይቆረጥ።»

ሚጣ ከአልጋው ራስጌ ዞረች። ጓንቱ ፀጉሩን ይይዝባታል፤ ቀስ እያለች፣ ከጫፍ ጀምራ አንዱን ጉንጉን ያዘች።

«አመምኩሽ?»

«አላመመኝም» አለች ልጅቷ። «አትቸኩዪ።»